የማደሪያ ጨው

ባለፈው ወር ቃሊቲ ባለችው የልጄ የፉአድ ፔንሲዮን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሞቅ፣ አንድ ጉደኛ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቤት ነው እንጂ መኪና አይባልም። መጋረጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ታስሯል፣ የጎኑ በር ሲከፈት አልጋና ምድጃ ይታያል። ሽበታም ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከኬንያ ተነስተው በሞያሌ በኩል መምጣታቸው ነው። ክፍል አንፈልግም አሉ። የሚፈልጉት መኪናቸውን ግቢው ውስጥ አቁመው በገዛ አልጋቸው ማደር ብቻ ነው። ፉአድ መጀመሪያ ግራ ገባው። ቆይቶ ግን ለማቆሚያው ይህን ያህል፣ ለውሃው ይህን ያህል፣ መብራት ከሳባችሁ ደግሞ ይህን ያህል እያለ በጣቱ ይቆጥርላቸው ጀመር። ሴትዮዋ ትከራከራለች፣ ባልየው ይስቃል።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቀረ። ፉአድ ዞር ብሎ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እንግዳ ቆሞ እየጠበቀው ያን ሁሉ ከየት ጀምሬ ልንገረው! ለሰው መኪና ማሳደሪያ መስጠት ቤታችንን ምን እንዳስከፈለው ይህ ልጅ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ አባቴ ይማም አቃቂ፣ ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ገባ ብሎ ሰፊ ግቢ ነበረው። ከወሎ የመጣው ልጅ ሳለ ነው፤ በጭነት መኪና ረዳትነት ያላካለለው አገር አልነበረም። የመንገደኛን ችግር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ሰዓት እላፊ አለ። ከአሰብ ጭኖ የመጣ ሹፌር ደብረ ዘይትን አልፎ ከመሸበት ከተማ መግባት አይችልም። መንገድ ዳር እንዳያድር ሸራው ይቀደዳል፣ ጎማው ይፈታል። ስለዚህ ወደ እኛ ይገባል።

የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት መኪና ይውጣል። አባቴ ግን ግቢውን በሙሉ ቀይ አሸዋ አልብሶት ነበር። በበርሜል የተሞላ ውሃ፣ በቆርቆሮ የተከለለ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ የማይተኛ ዘበኛ፣ ሁሉም ነበረ። ሹፌሮቹ የሚተኙት ጋቢናቸው ውስጥ ነው። ማልዶ የሚወጣ ከበሩ አጠገብ ያቆማል፣ የሚያረፍድ ወደ ውስጥ ይጠጋል። በዚህ ነገር አባቴ ቀልድ አያውቅም።

እናቴ ዘሃራ ደግሞ ታበላቸዋለች። ሥጋ ግን ለሹፌር ሠርታ አታውቅም። ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ግማሹ እስላም፤ የእኛን ሥጋ እነሱ አይበሉ፣ የእነሱን እኛ አንበላ። «በአንድ ትሪ ቀርቦ አንዱ እጁን የሚሰበስብበት ምግብ በእኔ ቤት አይቀርብም» ትል ነበር። እና ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ድንች በቀይ ወጥ ነው። አቤት የዚያ ሽሮ ሽታ ከናፍጣው ጋር ሲደባለቅ! እስከ ዛሬ ናፍጣ ሲሸተኝ ሆዴ ይጮኻል፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ማከራየት ወንጀል ሆኗል። አባቴ ከሹፌሮቹ ብር ቢቀበል አከራይ ሊባል ነው፣ አከራይ ማለት ደግሞ በዝባዥ ነው። ስለዚህ ዘዴ አበጀ። «ገንዘብ አልቀበልም፣ እንግዶቼ ናችሁ» አላቸው። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ከአዋሽ የመጣ ከሰል ያወርዳል፣ ከመቂ የመጣ ሽንኩርት፣ ከአሰብ የመጣ ጨው። እያደር ደንብ ሆነ። ሽንኩርቱ ይበላል፣ ከሰሉ ይነድዳል፤ ጨው ግን ስንት ይበላል? ቀበሌ ሱቅ ለጨው ሰልፍ ሲያዝ፣ የእኛ ጓዳ በጨው ጆንያ ጣሪያው ድረስ ሞልቶ ነበር። እንዳይሸጠው ነጋዴ ሊባል ነው፤ ለጎረቤት በሳህን በሳህን ያድላል፣ የተረፈው ይከመራል። የኔ አባት ከአንዱ ክስ ሲሸሽ ሌላውን ክስ በገዛ እጁ ጓዳው ውስጥ ይደረድር ነበር።

ከሹፌሮቹ ሁሉ የቤቱ ሰው መኮንን ነበር። የመንግሥት ተሳቢ ይነዳል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲገባ ግቢው የሚሞቅለት ሰው። ሌላው ጋቢናው ውስጥ ሲተኛ ለእሱ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፍለታል። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞት እናቴ እስኪድን አስታማዋለች። እኔን «አንቺ ወሎዬ» እያለ ያበሽቀኛል፣ ከአሰብ ነጠላ ጫማና ኩል ያመጣልኛል። እወደው ነበር። ምን ያደርጋል፣ እንደ አጎቴ ነበር የማየው።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አብዮት ጠባቂዎች በጠዋት መጥተው ጓዳውን ከፈቱት። ጨዉን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። «የኢኮኖሚ አሻጥር!» አለ አንደኛው። አባቴን ይዘውት ሄዱ። ጉዳዩ እሁድ በቀበሌው ስብሰባ፣ በሕዝብ ፊት ይታያል ተባለ።

ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ፣ ወንድማቸው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ነበር። ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና እናቴን ጥግ አስያዟት። «ስሚኝ ዘሃራ» አሏት፣ «አንድ ሹፌር ተነስቶ፣ ጨዉን ያመጣነው እኛ ነን፣ በእንግድነት የሰጠነው ነው ካለ፣ ይማምን መክረው ይለቁታል። የሚናገር ከጠፋ ግን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይልኩታል፣ ግቢውም ይወረሳል። ወንድሜ ነው የነገረኝ።»

እኔ ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። መኮንን ያን ሰሞን ቃሊቲ ጭነት እየጠበቀ ነበር። ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ጋደም ብሎ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። በመንግሥት መኪና ከታዘዘው ጭነት ሌላ የጎን ዕቃ መጫን መንጃ ፈቃድ እንደሚያስነጥቅ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህንንም አልሸሸግኩም።

«ጋሼ መኮንን፣ እውነት ይናገሩልናል?» አልኩት።

ቀና ብሎ ተቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ጋሽ ይማም ታስረው እኔ ዝም ልል? ማርያምን! ሌላ ሰው እንዳትለምኚ፣ እኔው እበቃለሁ። ሂጂ፣ እናትሽን አታልቅሺ በያት።»

እየበረርኩ ነው ቤት የገባሁት። እናቴ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እሁድ ጠዋት መኮንን ፊቱን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ፍርፍር ቀረበለት፣ በላ፤ እናቴ ስትጨምርለትም እምቢ አላለም። ከዚያ አብረን ወደ ስብሰባው ወረድን። በመንገድ ላይ የእናቴን ክንድ ይዞ ጭቃውን ያሻግራት ነበር።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። አባቴን አመጡት። ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አባቴ ልብሱ ሳይስተካከል ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር፤ እኔ አይኔን ጨፈንኩ። ሊቀመንበሩ ጨዉን ያመጡት እነማን እንደሆኑ ጠየቀው።

«እንግዶቼ ናቸው» አለ አባቴ።

«ስማቸውን ጥራ!»

«መንገደኛ ናቸው። ስማቸውን አልይዝም።»

የሁሉንም ስም ያውቃል፣ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ያውቃል። ከሹፌሮቹ አራት አምስቱ እዚያው ከኋላ ቆመዋል፤ አንዳቸውንም አልጠራም። ያኔ መኮንን እጁን አወጣ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

«አንተ እዚያ ግቢ ታድራለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«አድራለሁ።»

«ለማደሪያ ምን ትከፍላለህ?»

መኮንን ወደ ሊቀመንበሩ አየ፣ ከጠረጴዛው ጎን ወደቆሙት ጠብመንጃ የያዙ ልጆች አየ። ወደ እኛ አላየም።

«ብር» አለ።

«ጨዉስ?»

«ጨው አላውቅም። እኔ የመንግሥት ንብረት የምነዳ ሰው ነኝ፣ የጎን ዕቃ አልጭንም።»

«መኮንን!» አለች እናቴ። ጩኸት እንኳን አልነበረም፣ ስሙን ጠራችው በቃ። እሱ ተቀመጠ። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ትንፍሽ አላሉም፤ የቤቱ ሰው እንዲህ ካለ እነሱ ምን ሊሉ ነው? አሻጥረኛ የነበረው አባቴ በአንድ ቃል አከራይም ሆነ። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ፣ አጨበጨበ።

አባቴ ክረምቱን በሙሉ ታሰረ። ግቢው ተወርሶ የቀበሌው የመኪና ማሳደሪያ ሆነ። በመስኮት ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ዋጋው ብቻ ነው እንጂ ሌላው የለም። በርሜሉን የሚሞላ ጠፋ፣ ቀይ አሸዋው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ዘበኛውም ተኝቶ ያድራል። እኛ ከኋላ በኩል በቀረችልን ክፍል ሆነን የመኪና ጎማ ሲሾር፣ ሹፌር ሲራገም እንሰማለን። እናቴ ከእንግዲህ ለመንገደኛ አላበሰለችም።

አባቴ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ መኮንንን መንገድ ላይ አገኘው። አብሬው ነበርኩ። መኮንን ሊሸሽ ሲል አባቴ ቀድሞ እጁን ዘረጋለት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀው። እኔ በቁጣ ልሞት! ቤት እንደገባን «አባዬ፣ እንዴት ሰላም ትለዋለህ?» ብዬ ጮህኩ።

«መንጃ ፈቃዱን ቢቀሙት ልጆቹ ምን ይበሉ ነበር?» አለኝ።

«እኛስ?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ያን ቀን ከመኮንን ይልቅ በአባቴ ተከፋሁ ብል አልዋሸሁም።

መኮንን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሪስ አቦ አካባቢ ሞተ። ልጁ ቤቴ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ለቅሶ አልደረስኩም። በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የቀረሁት።

ፈረንጆቹ በማግስቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ። ያን ዕለት ለፉአድ ሁሉንም አጫወትኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እማ፣ ዘመኑ ነዋ። ቢናገር እሱም ይታሰር ነበር» አለኝ። ሁሉም ሰው የሚለኝ ይህንኑ ነው። ልጄ እውነቱን ነው፤ መፍራቱን አልጠላሁበትም፣ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ? ያን ቀን ቃሊቲ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብሎ «ሰዓዳ፣ እፈራለሁ» ቢለኝ፣ አልቅሼ ሌላ ሹፌር ፍለጋ እሄድ ነበር። እሁድ ገና አልደረሰም ነበር። ሌላ ሰው እንዳትለምኚ አለኝ፤ አልለመንኩም። ወደ ቤቴ እየሮጥኩ የተመለስኩት ዘመኑን አምኜ አይደለም፣ እሱን አምኜ ነው።