ዱካሞ በማዳም ዝላትካ ገበታ

ባሌ ዱካሞ ጨዋ ሰው ነው። ይኼው ጨዋነቱ ነው እንግዲህ ጉድ ሊሠራኝ የነበረው!

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ዓይነት የሰፈር ሱቅ አለችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ ይሸጣል። አሮጊት ደንበኛ ከመጣች በዙሉኛ «ሳውቦና ማማ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ወንበሩን በፍርግርጉ ቀዳዳ ሊያሾልክላት ምንም አይቀረው። ሁለት ጊዜ በሽጉጥ ተዘርፏል። በሁለተኛው ጊዜ ሌባው ሊወጣ ሲል «ቀስ ብለህ፣ ደፉ እንዳያደናቅፍህ» ብሎታል አሉ። እሱ «አላልኩም» ይላል፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ብሎታል።

እኔ ደግሞ ኬምፕተን ፓርክ፣ ማዳም ዝላትካ ዳቦ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳም ቡልጋሪያዊት ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ባኒጻ የሚባል ነገር ይጋግራሉ። ሊጡ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ጠረጴዛው ላይ ይለጠጣል፤ አይብና እንቁላል ይገባበትና ይጠቀለላል፤ ከዚያ ምድጃ ይገባል። መለጠጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ያልቀደድኩት ሊጥ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እለጥጠዋለሁ።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ደከመና ዳቦ ቤቱን ለሌላ ሰው ለማስረከብ አሰቡ። ፈላጊው ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ቤቱን የስልክ መሸጫ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰውዬ። ማዳም ጠሩኝና «ለአንቺ ብሰጥ ደስ ይለኛል» አሉ። «ግን ብቻሽን አይሆንልሽም፤ ባልሽ አብሮሽ ይሠራል። ምግቤን የማይበላ ሰው ደግሞ ምድጃዬ አጠገብ አይቆምም። እሁድ አምጪው፣ ይብላና ልየው።»

እኔ ዳቦ ቤቱን የፈለግኩት ለዳቦ ብቻ መስሏችሁ ነው? ዱካሞን ከዚያ ብረት ጀርባ ላወጣው ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ገደሉት» እያልኩ መኖር አንገሽግሾኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቁጭ አድርጌ መከርኩት። «ዱካሞ፣ ስማኝ። ማዳም ሰውን አንዴ ነው የሚጠይቁት። አንዴ እምቢ ካልክ ምግቡን ያነሱታል። ብላ ሲሉህ ብላ።»

«እሺ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?» አለኝ።

እሁድ ከቸርች መልስ ልብሴን ለውጬ ስመጣ ኩሽና ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። አንድ ድስት ፓፕ፣ ያን የአገሩን የበቆሎ ገንፎ፣ በጎመን ሊጨርስ ሁለት ጉርሻ ቀርቶታል።

«አንተ! ምሳ ተጠርተን የለ እንዴ?»

«ሰው ቤት ተርቦ ይኬዳል እንዴ ኤርጎጌ? ነውር አይደለም?» አለኝ፣ አፉን እየጠረገ።

ማዳም ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ጠበቁን። መጀመሪያ ታራቶር አቀረቡ፤ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርትና እንስላል የገባበት ቀዝቃዛ የእርጎ ሾርባ ነው። «ብላ» አሉት።

ዱካሞዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ ማዳም፣ ቴንኪው፣ ጠግቤያለሁ» አለ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ማዳም ሳህኑን አነሱት። ዱካሞ ሳህኑ ወደ ኩሽና ሲሄድ በዓይኑ ሸኘው፤ ምስኪን፣ ተመልሶ የሚመጣ መስሎታል።

ቀጥሎ ባኒጻው መጣ። ከምድጃ መውጣቱ ነው፤ የቅቤው ሽታ ብቻ ያጠግባል። «ብላ።» ዱካሞ ምራቁን ዋጥ አደረገና «ኧረ አይቸገሩ!» አለ። እሱም ተነሳ። ሦስተኛ ዱባና ዋልነት የሚባል ለውዝ ያለበት ጣፋጭ ጥቅል መጣ። እጁን ሰደደ ስል መልሶ ሰበሰበው። በኋላ ስጠይቀው «ሌላውን ትቼ ጣፋጩ ላይ ብወድቅ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

ማዳም ቢላዋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ኤርጎጌ፣ ባልሽ ምግቤን አልወደደውም። አልፈርድበትም። ነገ ለስልክ ነጋዴው እደውላለሁ።»

ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ጨዋነት ድሮ ቀረ፤ በማዳም ፊት ጮኽኩበት። «ዱካሞ! ምግቡን ትተህ ምድጃዬን በላህብኝ!»

ክው አለ። «እኔ መቼ እምቢ አልኩ? ገና አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቁኝ!»

ማዳም «ምን ይላል?» አሉኝ። እያፈርኩ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ እንግዳ ገና ሲጠየቅ እሺ ካለ ሆዳም እንደሚባል፤ ባለቤቱም እምቢታውን እንደማያምን፣ እየደጋገመ እንደሚለምን አስረዳሁ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚለመነው?» አሉ ማዳም።

ዱካሞ ሦስት ጣቱን አወጣ። ደግሞ አለማፈሩ!

ማዳም ትንሽ አዩት። ከዚያ ሳህኑን ሁሉ መልሰው አመጡና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ «ብላ! ብላ! ብላ!» አሉት።

በላ። ታራቶሩን ሲቀምስ ፊቱን አጨፈገገ፤ «ሾርባ ሳያሞቁ?» አለኝ በሀዲይኛ፤ ግን እስከ ታቹ ጠጣው። ባኒጻው ላይ ሲደርስ ወሬ አቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁራጭ። በዚያ ሁሉ ፓፕ ላይ! በአራተኛው ቀበቶውን ፈታ። ማዳም ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር አገጫቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ድንገት ዱካሞ ማኘኩን አቆመና የማዳምን ሳህን አየ። ንጹሕ ነው፣ አልተነካም።

«እርስዎስ?»

«እኔ አልራበኝም» አሉ።

እንግዲህ ዱካሞን ይኼን ብላችሁት እንዲያምናችሁ ነው? ባኒጻውን በሹካ ወግቶ ወደ አፋቸው ዘረጋ። «ኖ» አሉ። እንደገና ዘረጋ። «ኖ፣ ኖ፣ ጠግቤያለሁ።» እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዱካሞ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ መሐላ የሚባል ከአፉ አይወጣም፤ የዚያን ቀን ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአማርኛ «ኧረ በሞቴ!» አለ።

ማዳም አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ከዚያ የአፍ መጥረጊያውን አንስተው ዓይናቸው ላይ ያዙት።

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጠግቤያለሁ ስል ሰው ሁሉ ያምነኛል» አሉ። «ልጄ ከአውስትራሊያ ይደውልና ‹እማዬ፣ በላሽ?› ይለኛል። ‹አዎ› እለዋለሁ። በቃ፣ ስልኩ ይዘጋል። ሳልበላ ነው እኮ የምተኛው። ሁለተኛ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እጃቸውን ያዝኳቸው፤ እኔም አለቀስኩ። አራት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስሠራ፣ «እርስዎ ምሳ አይበሉም?» ብዬ ጠይቄ «በልቻለሁ» ሲሉኝ ያመንኳቸው እኔ ነኝ።

«ዳቦ ቤቱን ውሰዱት» አሉ። «ሰኞ ከምድጃው አያያዝ ጀምሬ አሳየዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ፤ ጠግቤያለሁ ስላችሁ አትመኑኝ።»

ዱካሞ ይኼን ሲሰማ ለማዳም ሁለተኛውን ቁራጭ በሹካው ወግቶ ቆሟል።