ከባንዱ በፊት የወጣችው አስተማሪ

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ድምፅ ማጉያ እያከራየሁ የምኖር ሰው ስለሆንኩ በሆሳዕና ከተማ ያላየሁት መድረክ የለም ማለት ይቻላል። እንደዚያ ቀን ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የሮክ ባንድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ሊጫወት ነበር። አዳራሹ በወጣት ጢም ብሎ ሞልቷል። ከባንዱ በፊት ግጥም እንድታቀርብ የተጋበዘችው ታደለች የምትባል ከከምባታ፣ ከዶዮገና የመጣች አስተማሪ ነበረች። ወረቀት እንኳ አልያዘችም።

ገና አፏን ስትከፍት የከምባታ ቅላጼዋን ሰምተው ከኋላ ሳቁባት። ፉጨት ተነሣ። «ባንዱ ይምጣ! ባንዱ ይምጣ!»

የዝግጅቱ አዘጋጅ ድምፁን ወደምቆጣጠርበት ቦታ እየሮጠ መጣ። «ዝጋባት! ሰው ትኬት የቆረጠው ለባንዱ ነው» አለኝ። እኔም ሳላቅማማ ማይኩን ዘጋሁባት።

እሷ ግን አላቋረጠችም። ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣችና በገዛ ድምፅዋ ቀጠለች። ግጥሙ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለጠፋ ወንድሟ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ሰው ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። መጀመሪያ ፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ቀጥሎ መሐል ያሉት።

«ስልክ በጮኸ ቁጥር እናታችን ትሮጣለች፤
ያንተን ድምፅ ፈልጋ የሌላ ሰው ትሰማለች»

እዚህ ስትደርስ ፉጨቱ ጠፍቶ ነበር። ቅድም ሲያፏጭ የነበረ አንድ ጎረምሳ በኮፍያው ፊቱን ሸፈነ። የባንዱ ልጆች ጊታራቸውን እንዳንጠለጠሉ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የእኔም ታናሽ ወንድም ጆሃንስበርግ ነው፤ ያኔ ድምፁን ከሰማን ስድስት ወር አልፎን ነበር። ማይኩን ልከፍትላት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ምን ያደርግላታል?

ስትጨርስ አዳራሹ በሙሉ እያጨበጨበ ብድግ አለ። የባንዱ ዘፋኝ ማይኩን ሲያነሣ ከፈትኩለት፤ «አሁን እኛ ምን እንበል?» አለ።

በኋላ ፈልጌ አገኘኋት። «መምህር፣ ማይኩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ውይ ጋሼ! እኔ እኮ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ስመ ጥር ዘፋኝ በእኔ ስፒከር ዘፍኗል። ያን የሚያህል ሕዝብ በአንዲት ሴት ባዶ ድምፅ ጸጥ ሲል ግን ዳግም አላየሁም። ባሰብኩት ቁጥር ኀፍረቱም አድናቆቱም እኩል ይመጣብኛል፤ አድናቆቱ ግን ያሸንፋል።