ሳይወለድ የተገዛ ኮፍያ

የመጀመሪያ ልጅህን የገደልከው አንተ ነህ ተባልኩ። ያለችኝ አማቴ ናት። ገደልክበት የተባልኩት ነገርም ቦርሳ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሚስቴ ያዘጋጀሁት የሆስፒታል ቦርሳ።

ይህን ዛሬ የምነግርህ ልጄ እዚያ ጓዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የራሷን የወሊድ ቦርሳ ስለምትሸክፍ ነው። እያንጎራጎረች ታጣጥፋለች። የሕፃን ሳሙናው ሽታ እስከ በረንዳው ይመጣል። እኔ ያንን ሽታ እስካሁን አልወደውም።

ያኔ ደብረ ብርሃን ድንጋይ ጫኝ ነበርኩ። ሚስቴ የአንኮበር ልጅ ናት። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነው። ባል ደጅ ይቀመጣል፤ እልልታውን ይቆጥራል፤ ወንድ ይሁን ሴት በዚያ ያውቃል። ሌላ ሥራ የለውም። ሚስቴ ወደ እናቷ ከመሄዷ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ ነርሷ "ምጥ ሲመጣ ዕቃ ፍለጋ ቤት አታተራምሱ፤ ቀድማችሁ ሸክፉ" ብላን ነበር። እኔ ማንበብ የተማርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ያኔ ፊደል አልለይም። ፊደል የማይለይ ሰው ደግሞ የሰማውን አይጥልም።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ ቦርሳ ገዛሁ። ለእሷ ሰፊ ቀሚስ፣ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ለአጥሚት የሚሆን ዱቄት ከተትኩ። ለሕፃኑ አሮጌ ጋቢዬን አጥቤ ቀደድኩለት፤ ያረጀ ጥጥ ለገላ ይለሰልሳል። ከሁሉ በኋላ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ነጭ የክር ኮፍያ ገዛሁ፤ አገራችን ብርድ ነው። አብሮኝ ድንጋይ የሚጭነው ጓደኛዬ አይቶኝ፣ "ዛሬ ኮፍያ ገዛህ፤ ነገ ገንፎ ታገነፋለህ። ምጡንስ ማን ሊያምጥልህ ነው?" አለኝ። ሳቅን። የዚያን ቀን ያልሳቅኩበት ነገር አልነበረም።

ቦርሳውን ተሸክሜ አንኮበር ወረድኩ። የአማቴ ቤት ከመኪናው መንገድ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጉሙ ደጃፉ ድረስ ገብቶ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸት ነበር። አማቴ ዚፑን ከፍታ በርብራ ኮፍያውን አወጣች።

"ይኼ ለማን ነው?"

"ለልጁ፣ እማማ።"

"ልጅ አየህ? ልጅ ታቀፍክ?"

"ነርሷ ናት አዘጋጁ ያለችን።"

"ላልተወለደ ልብስ አይገዛም። ማን ሰምቶ እንደሚመጣ አታውቅም።"

ሚስቴ ኮፍያውን በጣቷ ዳበስ አድርጋ ፈገግ ብላ ነበር። እናቷ ዞር ስትል እጇን ሰበሰበች። ቦርሳው ከቤት ወጥቶ የጥጃው ጋጥ ውስጥ ተቀመጠ።

ምጡ በማለዳ ጀመረ። ሴቶቹ ውስጥ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ፤ እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ፀሐይ ጉሙን ገፍታ ወጣች፤ ገደሉ ማዶ ያለው ቆላ ታየ፤ ተመልሶ ተሸፈነ። ልጁ አልመጣም። የሚስቴ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ፣ "እማማ፣ ቃሬዛ ላስጠራ?" አልኩ። "የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል። አንተ ምን ታውቃለህ? ከደጅ ዞር በል" አለችኝ። ዞር አልኩ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ። "ልጄን ከቤቴ አላስወጣም" አለች።

በማግስቱ የሚስቴ ድምፅ ጭራሽ ሲጠፋ አማቴ ራሷ ጮኸች። የመንደሩ ወንዶች ሚስቴን በቃሬዛ አድርገው ዳገቱን አወጧት፤ መንገዱ ላይ አምቡላንስ ደርሶ ሆስፒታል ወሰደን። ቦርሳውን ከጋጡ አንስቼ ያዝኩ። እበት እበት ይሸት ነበር።

ልጁ ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ሐኪሙ ወጥቶ "ማሕፀን ውስጥ ታፍኖ ቆይቷል። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" ብሎ ጀመረና ፊታችንን አይቶ ተመልሶ ገባ። አማቴ ከእጄ ቦርሳውን ነጠቀችኝ። ኮፍያውን አውጥታ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋችው።

"ሳይወለድ አለበስከው" አለች። "ይኸው፣ ገደልከው።"

ያን ቃሬዛ ማን እንደከለከለ አውቃለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። አሁን አማቴ በሕይወት የለችም። ክፉ ነበረች አልልህም። ያደረገችውን ግን እናገራለሁ።

ሚስቴን ይዛት ተመለሰች፤ እናቷ ቤት ባዶ እጇን አራስ ሆነች። ሽማግሌ ብልክ "ልጅ ቀብሮ ደግሞ ምን ሊወስድ ነው?" ብላ መለሰቻቸው። እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። አንድ ቀን ራሴ ሄጄ ሚስቴን አጥሩ ሥር አገኘኋት። ገብስ ታሰጣ ነበር። ቀና ሳትል፣ "ኮፍያውን ባትገዛው ምን ነበር?" አለችኝ። እሷም አመነች ማለት ነው። ለአማቴ ምን ግዴ! ሚስቴ ግን የልጇ ገዳይ አድርጋ ካየችኝ የምኖረው ከማን ጋር ነው?

አጨዳው ሲያልቅ በራሷ እግር ወደ ቤቴ ተመለሰች። ትቀቅላለች፣ ታጥባለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች። ያን ነገር ሁለታችንም አላነሳነውም። እንደገና ስታረግዝ ደግሞ "ምንም እንዳትገዛ። ሳሙና እንኳ" አለችኝ። አልገዛሁም። ወሯ ገባ፤ እኔ ሆዷን በሩቁ እያየሁ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አማቴ ሳትጠራ መጣች። ዝናብ አበስብሷት፣ እግሯ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብንላት አልገባችም።

"ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አለቻት ልጇን። "ወላድ የሚያቆዩበት ክፍል አለ ይላሉ።"

"ምጡ መች መጣና፣ እማዬ?"

"አንጠብቀውም። ያን ጊዜ ጠብቄ አየሁት።" ነጠላዋን ጨመቀች። ወደ እኔ አላየችም። "እሱ ቃሬዛ ላስጠራ ሲል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ኮፍያው ምንም አላደረገም።"

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልሰጠኋትም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ሚስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ፤ ልጁ ከሞተ ወዲህ ፊቴን እንዲህ አይታው አታውቅም። ከዚያ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

"ምን ትቆማለህ? ደግፈህ አንሳኝ እንጂ" አለች። "ያለ አንተ ልሄድ ነው?"

ሰኔ አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነበር፤ አሁን ጓዳ ቦርሳ የምትሸክፈውን ልጄን ይዘን የወጣነው ከዚያ ሆስፒታል ነው።