ዛፍ ሥር የቆመችው ሴት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በየሳምንቱ የሰው ጥፋት እየለቀምኩ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው፣ የራሴን ጥፋት ዓመታት ሙሉ ደብቄ ኖርኩ። ዛሬ ስሙኝ።

ድሬዳዋ ሁሉ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ፣ እኔ እንደ ልማዴ በተቃራኒው ሄድኩና እንደ ጥንቱ በመስታወት ማንሳት ጀመርኩ። መስታወቱን መድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነው፤ ፊቱ እዚያው መስታወቱ ላይ ይወጣል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ከማለዳ በቀር አይታሰብም።

ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ የሟች አባታቸውን ሣጥን አመጡልኝ። አባታቸው ባቡር ላይ እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶ ያነሱ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ በመስታወት ላይ የቀሩ ፎቶዎች ነበሩ።

«ዓይኔ ደክሟል አቦ። ማን ማን እንዳለበት አይተህ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

አንዱን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ዛፍ ሥር የቆመች፣ አንገቷን ዘንበል ያደረገች ሴት። ገና ወረቀት ላይ ያልታተመ ስለሆነ ፊቷ ጥቁር፣ ጥላዋ ነጭ ነው። ጠርዙ ተላልጧል። መስታወቱ ግን! ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ከሰፈሬ መስታወት ቆራጭ የማላገኘው ዓይነት። የጥንት ፎቶ አንሺዎችም አሮጌውን ፍቀው መልሰው ይጠቀሙበት እንደነበር አንብቤያለሁ። ማንበቤ ምን ጠቀመኝ? ለጥፋቴ ምክንያት አቀበለኝ። ፋቅኩት። እኔ፣ በእነዚህ እጆቼ፣ በሙቅ ውሃና በሶዳ ፋቅኩት።

በማግስቱ ማለዳ በዚያው መስታወት አዴ ፋጡማን በረንዳቸው ላይ አነሳኋቸው። ማጠቢያው ውስጥ ስከተው ጉሙ ቀስ በቀስ ተገፈፈ፤ ከሥሩ ፊት ወጣ። ያ ግንባር፣ ያ ዘንበል ያለ አንገት። ትናንት የፋቅኳት ሴት! በተአምር የማላምነው ሰውዬ፣ ለአፍታ፣ አልጠፋችም ብዬ አመንኩ።

አዴ ፋጡማ ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ሳቁብኝ። «ይህቺ አሮጊት ማናት? በስልክ ብታነሳኝ ይሻለኝ ነበር።» ከዚያ መስታወቱን እንደያዙ፣ «እናቴ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነበረች፣ ዛፍ ሥር። ሌላ ፎቶ የላትም። ሳላውቃት ነው የሞተችው። አየሃት?»

«አላየሁም» አልኩ።

«ተሰብራ ይሆናል። አንተ ምን ታደርግ አቦ» ብለው አጽናኑኝ። እኔን!

አሁን አዴ ፋጡማ በሕይወት የሉም። እናታቸው መሆኗን አላወቅኩም ነበር አልልም፤ መጠየቅ እችል ነበር። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ ይቅር ማለት የእሳቸው እንጂ የእናንተ አይደለም። ፎቶውን መፋቄ አንድ ጥፋት ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ «ቁርጥ እናትዎን ነዎት» ሊላቸው የሚችል ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነበር። እሱም በመድኃኒቱ የጠቆሩ ጣቶቹን ኪሱ ከትቶ፣ ፊታቸው ቆሞ ዝም አለ።