አይዞሽ ጓለይ፣ ሁለተኛው አለ

መቐለ፣ እኛ ቤት፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ከየትኛው እንደሚነሳ ይረሳ ነበር። የተበላሸውን አሮጌ ዲስክ ሲፈልግ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። "አቦይ!" ብዬ እጣራለሁ። አያቴ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ይመጡና፣ ሳይቀመጡ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው አዲሱን ይመርጡለታል።

"አይዞሽ ጓለይ፣ ሁለተኛው አለ።"

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ብትቀየር መርሳቱን ይተው ነበር። እንቀይራት ስላቸው፣ "ከዚያማ ማን ይጠራኛል?" ብለው እምቢ አሉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ቀየርኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አላለቀስኩም።

ትናንት መብራት ጠፍቶ መጣ። "አቦይ" ልል አፌን ስከፍት፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ተነስቶ ነበር።