ከቦዩ ጅራት

ሻዕባን ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር የውኃ አካፋይ ነበር። በበጋ ከወንዙ በተጠለፈ አንድ ቦይ ሃያ ሁለት ቤተሰብ ሽንኩርትና ባሚያ ያለማል። ሻዕባን በተከላት የቀርከሃ ዘንግ ጥላ ተራውን ይለካል፤ ጥላው ምልክቱ ላይ ሲደርስ የአንዱን መግቢያ በጭቃ ደፍኖ የቀጣዩን ይከፍታል። ሥራው ክፍያ የለውም። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ አካፋዩ የሚያርሰው ከቦዩ ጅራት ነው። ውኃው ቢጎድል አስቀድሞ የሚደርቀው የሱ ማሳ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ጉዳቱ የሚስቱ የኢቲዳል ነበር። ውኃው ሳይደርስ በሚቀርባቸው ቀናት በትከሻዋ ባጋደመችው በትር ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅል አንጠልጥላ ከወንዙ ትቀዳለች። አሥራ አራት በጋ እንዲሁ ሲያልፍ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሎ ቀረ።

"አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ወንዝ?" ይላታል የማሳ ጎረቤታቸው ማህጁብ።

"ወንዝ ብሆን ባንተ በኩል አላልፍም ነበር።"

አገሩ የመሐል አገር ጦር ዘምቶበት ለአዲሱ መንግሥት በገበረ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሹም ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ውኃ የሚያካፍለውን ሰው አስጠርቶ የውኃ ዳኛ አድርጎ ሾመው፤ ማሳውንም አየ።

"የመንግሥት ዳኛ ጅራት ላይ አይቀመጥም" አለ በአስተርጓሚው በኩል። በጦርነቱ ሸሽቶ ያልተመለሰ ሰው ማሳ በቦዩ ራስ ላይ ጦም አድሮ ነበር፤ እሱን ሰጠው።

ሻዕባን እምቢ ሊል ነበር። የኢቲዳል ትከሻ ትዝ አለውና "እሺ" አለ።

"ቅሎቹን ጣያቸው" አላት ቤት ሲገባ።

"እኔ መቼ አማረርኩ?"

"አላማረርሽም። እኔ ግን ዓይን አለኝ።"

በመጣው በጋ እንደ ወትሮው በሐቅ ለካ። አሁን መጨረሻው ማህጁብ ነበር፤ ሽንኩርቱ ሲጠወልግበት የራሱን ዘንግ ተከለ። ሌሎችም ተከሉ።

"ወላሂ፣ ዘንጌ ያችው ናት" አለው ሻዕባን።

"ዘንግህማ ያችው ናት፣ ሹማችን። ማሳህ ነው የተለወጠው።"

በየዓመቱ ቦዩን አብሮ የሚጠርገው ሕዝብ በቀጣዩ ዓመት ቀረ። "የመንግሥት አይደል? መንግሥት ይጥረገው" አሉ። ሹሙ ይህን ሲሰማ ሁለት ወታደር ላከ። ሰዉ በአለንጋ ተነድቶ ወታደሮቹ ጥላ ይዘው እስከተቀመጡበት ዛፍ ድረስ ጠረገ፤ ከዚያ በታች ያለውን ደለል ማንም አልነካውም። ማህጁብ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሱዳን አቀና። ሲያልፍ ሻዕባንን ሰላም አላለውም።

ያን ጊዜ ሻዕባን ዘንጉን ነቀለና ወደ ጅራቱ ማሳ ተመለሰ። ዘርቶም ውኃውን ጠበቀ። ግን ከላይ ያለው ሁሉ እንዳሻው ይከፍታል፤ ተራ የሚባል የለም፣ አካፍለን የሚለውም የለም። ቦዩ ውስጥ እንሽላሊት ይሮጥ ጀመር።

ኢቲዳል አንድ ጠዋት ጎተራው ሥር ጎንበስ ብላ ሁለቱን ቅሎች አወጣች። አልጣለቻቸውም ነበር። በትሩን አንስታ ባዘነበለው ትከሻዋ ላይ አደረገችው።