ጳጉሜ የሌለው ድረ ገጽ

ንጋቷ ደክሟታል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረገችውን ስትሰሙ «እንዴት ያለች ጀግና!» እንዳትሉኝ ነው። ጀግና አይደለችም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ያማታል። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ችግኝ ጣቢያ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ የጽሕፈት መኪናው ተነሥቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ከዚያው ወንበር ሳትነሣ የኮምፒውተር ባለሙያ ተባለች። ደመወዟን ግን ማንም አልነካውም። ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ ንጋቷ፣ የኃላፊው ስልክ ሲቆለፍ ንጋቷ፣ የጎረቤት ልጅ ሥራ ፈልጎ ሲቪ ሲያስጽፍ ንጋቷ!

ባሏ ቲቶ የሚያስተምረው አማን ከተማ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትዳራቸው የቅዳሜና የእሑድ ትዳር ነበር። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ መኪና ትሳፈራለች፣ ከጆንያና ከዶሮ ጋር ተጋፍታ ማታ ትገባለች፤ ሰኞ ሳይነጋ ያንኑ መንገድ ትመለሳለች። ስንት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ እንዳስገባች እሷም ረስታዋለች። በ2009 ግንቦት ላይ ግን ተሳካ፤ አማን ላይ አንድ ቦታ ተገኘ። ደብዳቤው ቁርጡን ተናግሯል፦ እስከ ሰኔ 30 ቀን ቀርባ ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ቲቶ ያን ቀን በስልክ የቁም ሳጥኑን ግማሽ ባዶ እንዳደረገላት ነገራት፤ አስቡት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሞልቶ የኖረውን ቁም ሳጥን!

ለመሄድ ክሊራንስ ያስፈልጋል። ኃላፊው አቶ ከፈለኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግራቸው ቀድመው ማውራታቸው ነው። «የጣቢያው ድረ ገጽ ተጠናቋል» ብለው ለበላይ ሪፖርት ካደረጉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ድረ ገጹ ግን የለም።

«ወይዘሮ ንጋቷ፣ ድረ ገጹን አስረክቢኝ፣ በዚያው ዕለት እፈርማለሁ» አሏት።

ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው የአቶ ሳህሉ ማስታወሻ ነው። አቶ ሳህሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ችግኞቹን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ከ1985 እስከ 2008 ድረስ በዓል የለ፣ እሑድ የለ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ይጽፉ ነበር፦ ዝናቡ እንዴት እንደዋለ፣ ቡናው የት እንዳበበ፣ ምን በሽታ እንደታየ፣ ማን ስንት ችግኝ ወስዶ የት እንደተከለ። ሃያ አራት ዓመት፤ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ስድስት ገጽ። ንጋቷ ይህን ሁሉ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ተየበችው፤ ወገቧስ ከየት የታመመ መሰላችሁ? ተይቦ እንዳለቀ ደብተሮቹ በካርቶን ታሽገው ወደ ክልል ተላኩ። ይኸው አሁን የመሬት ምዝገባ ሲጀመር ገበሬው ሁሉ ያንን ማስታወሻ ይጠይቅ ጀመር። ማን የትኛውን ቡና መቼ እንደተከለ የሚመሰክር ሌላ ወረቀት የለማ!

ድሮ ተሞክሮ የቀረው ድረ ገጽ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ገና እሳት የሚያነድ ቤት ዓይነት ነበር። በቴፒ ኔትወርክ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። አማን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ፍሬአብ መፍትሔውን ነገራት፤ ገጾቹን ሁሉ አስቀድሞ አብስሎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለ። ጽሑፉን ትሰጪዋለሽ፣ ያለቀለት ገጽ ያወጣልሻል፣ እንግዳው የበሰለውን አንሥቶ ይሄዳል። ሁለት ዓይነት በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት፤ አንዱ ጄኪል ይባላል፣ ሌላው ሁጎ።

«ሁለቱንም ሞክሪና አንዱን ምረጪ፤ ብቻ ከመረጥሽ በኋላ መቀየር ጣጣ ነው» አላት።

በጄኪል ጀመረች። ለመጫን ብቻ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሥራ ሲጀምር ደግሞ አሮጌዋ ላፕቶፕ እንደ ሽማግሌ ዳገት ላይ ታቃስት ጀመር። ብዙም ሳይሄድ በቀይ ጽሑፍ «ልክ ያልሆነ ቀን» ብሎ ቀጥ አለ። ፋይሉን ከፈተችው፤ 1985-02-29። ጥቅምት 29 ነው፤ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? እንደገና አስነሣችው፣ እዚያው ላይ እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ ጊዜ ልትሞክር ስትል መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ቆይቷል።

«ኧረ በጌታ!» አለች፣ ብቻዋን ተቀምጣ።

በማግስቱ ሁጎን ሞከረች። መጫን የሚባል ነገር የለውም፣ አንድ ፋይል ነው። ሃያ ሰከንድ! ሃያ አራቱም ዓመት በየወሩ ተደርድሮ ወጣ። እሰይ! ልትጨፍር ምንም አልቀራት። ደስታዋ ትንሽ በረድ ሲል ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ጥቁር መስኮት ግርጌ የተንጠባጠቡ ደቃቅ መስመሮች አየችና ቆጠረቻቸው። መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ይጠራሉ፣ «ይህን ማንበብ አልቻልኩም» ይላሉ። ያኔ ገባት። ቀኑን የጻፈችው በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ማሽኑ የሚያነበው ደግሞ በፈረንጅ። ለማሽኑ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ ነው፣ ሠላሳ ቀን የለውም። አሥራ ሦስተኛ ወርማ ከነጭራሹ ሰምቶ አያውቅም። የሃያ አራት ዓመት ጥቅምት 30፣ አብዛኛው ጥቅምት 29፣ ጳጉሜም በሙሉ ከማውጫው ወጥተዋል። ጥፋቱ የመሣሪያዎቹ አይደለም፣ የእሷ ነው። ሁለቱም ነግረዋታል፤ አንዱ ጮሆና ሥራ አቁሞ፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥራውን እየቀጠለ።

ቀኑ ሰኔ 22 ነበር። ንጋቷ መስመሮቹን አየች፣ ደብዳቤውን አየች፣ ከዚያም መስኮቱን ዘጋችው። ከስምንት ሺህ ውስጥ መቶ ስድሳ ስምንት ምን አላት? ማን ይቆጥራል? ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው።

አቶ ከፈለኝ ዓርብ ጠዋት ድረ ገጹን በገዛ ስልካቸው ከፍተው «እንዴት ይፈጥናል በማርያም!» እያሉ አንዴ ሚያዝያን፣ አንዴ ጥርን ሲነካኩ ቆዩ። ጳጉሜን አልነኩም። ክሊራንሱ ላይ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። በዚያው ሞቅታቸው ለመሬት ምዝገባ ኮሚቴዎቹ ደብዳቤ ጻፉ፦ ከእንግዲህ ማስረጃ የሚሆነው ከድረ ገጹ ታትሞ በጣቢያው ማኅተም የተረጋገጠ ገጽ ብቻ ነው። ንጋቷ ያን ዓርብ ግማሽ ዕቃዋን ይዛ አማን ገባች። ለሰኞ የቀራት ቁልፍ ማስረከብና የቀረውን ዕቃ መሰብሰብ ነበር።

ሰኞ ስትመለስ የቢሮዋ በር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠው አገኘች። ወይዘሮ በየነች ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አማርኛን ገበያ ውስጥ የለመዱ፣ ሦስት ሰዓት በእግር የመጡ የሸኮ ሴት ናቸው።

«የባሌ ወንድም ቡናውን የተከልኩት እኔ ነኝ አለ» አሉ። «እኔ ነኝ የተከልኩት። ችግኝ የወሰድኩት ከዚህ ነው፣ በዘጠና አምስት፣ በጳጉሜ አራት። ሳህሉ ጻፈ። ኮሚቴው ስልክ ከፈተ፣ ፈለገ፣ ጳጉሜ የሚባል የለም አለኝ። ልጄ፣ ጳጉሜ እንዴት አይኖርም?»

ንጋቷ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «መጻፋቸውን በምን ያውቃሉ፣ እናቴ?»

«ማንበብ አልችልም። ሲጽፍ ግን አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

ኮሚቴው ቅዳሜ ይወስናል። ወረቀቱን እስከዚያ ካላመጡ ቡናው ለባላቸው ወንድም ይጻፋል፤ እሳቸውም ከነልጆቻቸው በሰው ማሳ ላይ ይቀራሉ። ንጋቷ ወደ አቶ ከፈለኝ ገባችና ከራሷ ፋይል ላትም ብላ ጠየቀች። «ከድረ ገጹ ብቻ ብዬ በፊርማዬ ጽፌያለሁ፤ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ ልሻረው?» አሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማንም የደከመው ሰው የሚያደርገውን ልታደርግ ነበር። ያችን አንዲት ገጽ አስተካክላ፣ በሁጎ ሃያ ሰከንድ፣ ለወይዘሮ በየነች ሰጥታ መሄድ። ፋይሉን ከፍታ ሳለ እጇ ቆመ። የቀሩት መቶ ስድሳ ሰባትስ? የሚቀጥለው ወር በዚህ በር የሚመጣው ሰው ማንን ያገኛል? እሷ አማን ናት፣ ደብተሩ ክልል ነው፣ እዚህ የሚቀሩት ሰዎች ደግሞ ፕሪንተር ላይ ወረቀት መሙላት የማያውቁ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተፈታ። በዚያ ላይ የምታውቀው እነዚህን ብቻ ነው። ሌላ በስውር የጎደለ ቢኖርስ? ደቃቅ መስመሮቹን እስከ ታች የሚያነብ ሰው ቢኖር ሁጎ ይበቃ ነበር። እዚህ የሚያነብ የለም፤ እሷ ራሷ አንብባ አይደል የዘጋችው? እዚህ የሚያስፈልገው ስህተት ሲያይ አልሄድም ብሎ የሚቆመው ነው። ጄኪልን መረጠች።

ማታ ለቲቶ ደወለች።

«ሌላ ሰው ይጨርሰዋ!» አላት።

«ማን ነው ሌላው ሰው፣ ቲቶ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አሥራ አንድ ዓመት፣ ንጋት! ለአምስት ቀን ወር ብለሽ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ዓርብ ካልደረስሽ ቦታው እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩን ዘጋባት። ንጋቷ ግማሽ ዕቃዋ በሄደበት ክፍል ውስጥ፣ ትራስ የሌለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ተናዳም ነበር፤ በቲቶ፣ በአቶ ከፈለኝ፣ በፈረንጅ ካላንደር፣ ከሁሉም ይልቅ ያን ሐሙስ መስኮቱን በዘጋችው በራሷ።

ማክሰኞ ፍሬአብ በስልክ አንድ ቀመር አስጻፋት፤ ሁሉንም ቀን ወደ ፈረንጅ የሚመልስ፣ የእኛን ቀን ደግሞ ከገጹ አናት ላይ እንዳለ የሚተው። መቶ ስድሳ ስምንቱ ባንድ ጊዜ ዳኑ። ተገላገልኩ ስትል ጄኪል ሌላ ቦታ ላይ ጮኸ። የራሷ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ደክሟት ስትተይብ ሚያዝያ 3ን 33 ብላዋለች። ያን አስተካክላ ስታስነሣው ሌላ። አንዱን ሲያይ ይቆማል እንጂ ሁሉንም ባንዴ አይነግራትም፣ እልኸኛ! የትኛው ቀን እንደሆነ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ያለውን ገጽ አንብባ ማወቅ አለባት። እንዲህ ዓይነት አሥራ አንድ ገጽ ወጣ፤ ሁጎም በደቃቅ መስመሮቹ ጠርቷቸው ነበር፣ ያኔ ስትቆጥር የዘለለቻቸው እሷ ናት። ቆጠራዋም ስህተት ነበር።

ረቡዕ መብራት ግማሽ ቀን ጠፋ። ሐሙስ ሁሉም ተስተካክሎ ሙሉውን ሥራ አስጀመረችው፤ ለዚያች ላፕቶፕ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። በአርባኛው ደቂቃ መብራቱ ሄደ፣ ማታም አልመጣ። ዓርብ፣ ሰኔ 30፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና አስነሣችው። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ወንበሯን ሳትነቀንቅ ጠበቀች። ጄኪል አንድም ቃል ሳይጮህ ጨረሰ። ያን ሁሉ ገጽ በቴፒ ኢንተርኔት መስቀል ግን ሌላ ቀን ነው። እየተቆራረጠ፣ እየቀጠለ፣ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሆነ። አማን ያለው ቢሮ አሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል፤ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ያውም መኪና ከተገኘ።

ገጹን አተመችው። አቶ ከፈለኝ ዓይኗን ሳያዩ ማኅተሙን መቱበት። ወይዘሮ በየነች ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መልሰው ዘረጉላት።

«አንብቢልኝ» አሉ።

«ጳጉሜ 4 ቀን 1995» ብላ አነበበች ንጋቷ። «ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ። ወይዘሮ በየነች ለተከላ ስድሳ ችግኝ ወሰደች። ባሏ ታሞ ተኝቷል። የሚያግዛት ስለሌለ በጀርባዋ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ወሰደችው።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ ሴትዮዋ። «አዎ። ሁለት ጊዜ ነው። እሱንም ጻፈው?» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። የንጋቷን እጅ ይዘው ሳሙት፣ እሷም አጎንብሳ ጉልበታቸውን ልትስም ብትል ከለከሏት።

«ጌታ ይስጥሽ። ባልሽ ያለበት አገር ልትሄጂ ነው አሉኝ፤ መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ዛሬ ነበር» አለች ንጋቷ።